እንጀራና መክሊት ከቢቸና እስከ ሞጣ

አንድ ሰው የዕለት እንጀራውን ከአንድ ሥራ እያገኘ በጎን የራሱን የፈጠራ ሥራ ሲጀምር ሁለት ዐይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። አንደኛው የሰዓትና የብር ጥያቄ ነው፤ ይህን የዕቁብ ዳኛም የብድር ሠራተኛም አብሮት ተቀምጦ ሊያሰላለት ይችላል። ሁለተኛው የሕሊና ነው። ልብ ለሁለት ሥራ ቢከፈል ከሁለቱ አንዱ አይበደልምን? እንጀራ የሚሰጠው ሥራ ተሰጥኦን ይጠብቀዋል ወይስ ያዳፍነዋል? ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው የምሥራቅ ጎጃም ምድር ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። የአካባቢው የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በመጽሐፍም በኑሮም ሲመልሱት ኖረዋል፤ የመጽሐፉ መልስና የኑሮው መልስ ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም።

አገሩ የፈጠራ ትምህርት ቤት የሞላበት ነው። በእነማይ ወረዳ፣ በቢቸና በኩል፣ አባ ተከስተ ብርሃን የመሠረቱት ዲማ ጊዮርጊስ አለ። ወደ ሰሜን ሲዘለቅ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም፣ ከዚያም በ18ኛው መቶ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስም የሚነሣበት ሞጣ ጊዮርጊስ ይገኛሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ጉባኤ ቤቶች ዲማና ደብረ ወርቅ ይቆጠራሉ፤ በኋላም በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት እንጀራቸውን እየበሉ ነው በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለአንባቢ ያደረሱት።

የነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዋና ፈጠራ ቅኔ ነው። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርምለታል ወይም ይጥልበታል፣ ራሱም ይዘርፋል። ሥራው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ባለቅኔ ትናንት ያለውን ዛሬ ደግሞ ቢል ያፍርበታል፤ ለየበዓሉ አዲስ መውለድ አለበት። ስለዚህ ቅኔ እንደ ሸማ ተከማችቶ ገበያ አይወጣም፣ ዋጋም አይቆረጥለትም። ባለቤቱ ግን እንደ ማንም ሰው ይርበዋል። አገሩ ለዚህ ችግር ሦስት መፍትሔ ነበረው፤ ልመና፣ የእጅ ሥራና መሬት።

ልመናው የተማሪው ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል። ይህ እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ትምህርቱ ክፍል ይታያል፤ ትዕቢትን ይሰብራል ይባላል። የሚሰጠው ገበሬም ከጸሎቱ ድርሻ እንዳለው ያምናል።

የእጅ ሥራው ጉዳይ ሰፋ ያለ ነው። ደብተራው ልብስ ይሰፋል፣ ያርሳል፣ ብራና ይፍቃል፣ መጽሐፍ ይጽፋል። ከነዚህ ዛሬ «የፈጠራ ንግድ» ለሚባለው የሚቀርበው የጸሐፊው ሥራ ነው፤ ደንበኛ፣ ዋጋና የማስረከቢያ ቀን አለውና። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተነክሮ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ተፍቆ በፀሐይ ይደርቃል። ከዚያ መስመር ይሠመርበትና በመቃ ብዕር፣ ዋናው ቃል በጥቁር ቀለም፣ ቅዱሳን ስሞች በቀይ ይጻፋሉ። አንድ ዳዊት ብዙ ወር ሊፈጅ ይችላል። ቆዳ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ጤፍ ደግሞ በሐምሌ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። አራሽ የሆነ ጸሐፊ እህሉን ወቅቶ ጎተራ ካስገባ በኋላ እስከ ክረምቱ መግቢያ ያለው ወራት የብራናው ነው። የዓመቱ ዑደት ሁለቱን ሥራ ሳያጣላ ይለያቸዋል ማለት ነው።

የበዓላቱ ሥርዓት ደግሞ ከዚህ ይልቅ ሊታይ የሚገባው ነው። በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ እግዚአብሔር እያለ ሞፈርና ቀንበር የማይነሣበት ቀን ይበዛል። የልማት ሠራተኞች በባከነ የሥራ ቀንነቱ ብዙ ጽፈውበታል፤ በእርሻው በኩል ብቻ ለሚያየው ሰው እውነት አላቸው። ነገር ግን እርሻ በሚቆምበት በዚያው ቀን ማኅሌቱ ይቆማል፣ ቅኔውም ይቀርባል። ሥርዓቱ የፈጠራውን ሥራ ከድካም በተረፈች ሰዓት ላይ አልጣለውም፤ ማንም እንዳይነካው ታጥሮ የተሰጠው የራሱ ቀን አለው። ዛሬ ሌሊት ደክሞት ኮምፒውተር ላይ የሚያንቀላፋ ጀማሪ ያጣው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው፣ መሬት፣ የታሪኩ ደስ የማይለው ክፍል ነው። በምሥራቅ ጎጃም አድባራት የሚያገለግሉ ደብተሮች በአገልግሎታቸው ምክንያት መሬት ይይዙ ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚያርሱት ራሳቸው አልነበሩም፤ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ዜጋ የሚባሉ ጥገኞችና ሌሎች ገባሮች ነበሩ። ሊቁ ለቅኔው ጊዜ ያገኘው የሌላው ሰው ጊዜ ስለ ተወሰደ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ሲያፈርስ አድባራቱም መተዳደሪያቸውን አጡ፤ ካህኑና መምህሩ እንደ ማንኛውም ገበሬ በእጃቸው ለማደር ተገደዱ። አዋጁ ጉባኤ ቤቶችን እንደ ጎዳ በቁጭት ሲነገር ይሰማል። ጉዳቱ እውነት ነው፤ በፊት የነበረው ፋታ በማን ጫንቃ ላይ እንደ ቆመ ግን ቁጭቱ አያነሣም።

ወደ መጻሕፍቱ ሲመጣ ክርክሩ ግልጽ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ከሚነበቡት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ጥበብ ፋታ ትፈልጋለች ይላል፤ ቀን ከሌት ስለ በሬዎቹ የሚያስብ አራሽ፣ ፊቱን እሳት የሚለበልበው አንጥረኛ፣ መንኰራኩሩን በእግሩ የሚያዞር ሸክላ ሠሪ ከሊቃውንት ጉባኤ አይቆጠሩም። ያው መጽሐፍ ግን ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቀና ይመሰክርላቸዋል። በሌላ በኩል ሐዋርያው ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር። የሰፋውም ሌላ አማራጭ አጥቶ አልነበረም፤ በስብከቱ የመኖር መብት እንዳለው እየተናገረ መብቱን ተወው፣ ለማንም ሸክም እንዳይሆንና ቃሉ በማንም ችሮታ እንዳይታሰር። የግብፅ አባቶች ታሪክም ወደዚሁ ያደላል፤ በመንፈስ ስንፍና የተጨነቀው እንጦንስ ያየው መልአክ ተቀምጦ ገመድ ይታታል፣ ተነሥቶ ይጸልያል፣ ተመልሶም ይቀመጣል። እዚያ ሥራው የጸሎት ጠላት ሳይሆን ማረፊያው ነው።

«ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም» የሚለው የወንጌል ትምህርት ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ በያዘ ሰው ላይ ይጠቀሳል። ጥቅሱ ያለ ቦታው ነው የሚውለው። በወንጌሉ ከእግዚአብሔር ጋር የተነጻጸረው ጌታ ገንዘብ ነው፤ የሥራ ብዛት አልተነሣም። አንድ ሥራ ብቻ ያለው ሰው ለገንዘብ ሊገዛ ይችላል፤ ሁለት ሥራ ያለውም ላይገዛ ይችላል። እንዲያውም ፈጠራውን ገና በእግሩ ሳይቆም ቤተሰብ እንዲመግብ የሚያስገድደው ሰው ቶሎ የሚሸጠውን ብቻ ወደ መሥራት ይወርዳል፤ ሁለተኛው ጌታ በዚህ በር ይገባል። የጳውሎስ መርፌ ያደረገው ይህን በር መዝጋት ነው። በኔዘርላንድስ ሌንስ እየሞረደ የኖረው ፈላስፋ ስፒኖዛም በ1673 እ.ኤ.አ. ከሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የቀረበለትን ወንበር ያልተቀበለው የመፈላሰፍ ነጻነቱ እንዳይነካ ፈርቶ ነበር።

በሞጣ ከጥንት ጀምሮ በንግድ የሚታወቁት ሙስሊሞችም ተመሳሳይ ትምህርት አላቸው። በሐዲስ እንደሚነገረው ሰው ከሚበላው ሁሉ የሚበልጠው በገዛ እጁ ሠርቶ ያገኘው ነው፤ ንጉሥም ነቢይም የነበረው ዳውድ እንኳ ከእጁ ሥራ ይበላ ነበር።

መጻሕፍቱ እንዲህ እያከበሩት አገሩ የእጅ ሥራን ናቀ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በቡዳነት ይታሙ ነበር፤ ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሳደብን የሚቀጣ አዋጅ ማወጃቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። በዘርአ ያዕቆብና በደቀ መዝሙሩ በወልደ ሕይወት ስም የሚታወቁት ሐተታዎች ግን ሌላ ድምፅ ያሰማሉ። ጽሑፎቹ የ17ኛው መቶ ዘመን ናቸው ወይስ በ19ኛው መቶ ዘመን አንድ ጣልያናዊ ሚሲዮናዊ የደረሳቸው የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ለዚህ ጉዳይ የሚጠቅመው ይዘታቸው ነው፤ ዘርአ ያዕቆብ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈ፣ ልጆችም እያስተማረ ይኖራል፣ በጎን ይመራመራል፤ ወልደ ሕይወት ደግሞ የእጅ ሥራን መውደድና መልመድ የሰው ልጅ ግዴታ ነው ብሎ ያስተምራል። የእጅ ሥራን የናቀው ልማድ ጫና ግን ዛሬም አልጠፋም። በቢቸና ወይም በሞጣ መምህር የሆነ ሰው በትርፍ ጊዜው ጥልፍ ቢጠልፍ፣ እንጨት ቢቀርጽ፣ ማስታወቂያ ቢጽፍ ወይም የሠርግ ቪዲዮ ቢያነሣ «ምነው ደመወዝህ አልበቃህም?» የሚለው ሐሜት ከገበያው እጦት በፊት ይደርስበታል።

ለዚህ ሰው ሦስት የሕሊና ጉዳዮች ይቀሩታል። የመጀመሪያው ከቀጣሪው ጋር ነው። ጳውሎስ ባሪያዎችን ሲመክር ለታይታ ሳይሆን በቅን ልብ እንዲያገለግሉ ይላል፤ ለተማሪዎቹ ሥራ ሰጥቶ በጥግ ቪዲዮ የሚቆርጥ መምህር የሕፃናቱን ሰዓት ሰርቋል። የጎን ሥራው ሐቀኛ የሚሆነው ዋናው ሥራ ሰዓቱን ሳይጎድል ሲያገኝ ነው። በዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዜጋው ታሪክ ይቀጥላል። ባልየው ማታ ማታ ሲቀርጽ ልጆቹን ማን ያስተኛል? ቅዳሜ ሠርግ ሲሄድ ውኃውን ማን ይቀዳል፣ እንጀራውን ማን ይጋግራል? ሁለት ሥራን አመጣጠነ የሚባለው ወንድ ብዙ ጊዜ አንዱን ሥራ ለሚስቱ ወይም ለእህቱ አስረክቦ ነው። ጥልፍ የጀመረች ሴት ስትሆን ግን ሸክሙን የሚቀበላት አይገኝም፤ ሁለት ያልነው በእርሷ ቤት ሦስት ነው። አገሩ ለእርሻ የሠራው ወንፈል ውለታን በውለታ ይመልሳል፣ አንዱ በሌላው ማሳ የዋለበት ቀን ይቆጠርለታል። በቤት ውስጥ ግን የሚቆጥር የለም። የጊዜን ፍትሕ ሳያነሣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም የሚመክር ሁሉ ከደብተራው የመሬት ሥርዓት ብዙም አልራቀም።

ሦስተኛው ከመክሊቱ ጋር ነው። በወንጌሉ ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ የተወቀሰው ስላባከነ አይደለም፤ ፈርቶ መሬት ቆፍሮ ስለ ቀበረው ነው። የእንጀራው ሥራ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። «ደመወዙ ይጨመር፣ ልጆቹ ይደጉ፣ ብድሩ ይለቅ» እያለ ዓመት የሚቆጥር ሰው አስተዋይ ይመስላል፤ ፍርሃቱ የአስተዋይነት ልብስ ለብሶለታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት፣ የኢንተርኔቱ መቋረጥና የመንገዱ መዘጋት ይህን ፍርሃት ምክንያታዊ አድርጎታል፤ እንዲህ ባለ ዘመን መዘግየት ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። መዘግየትና መቅበር ግን ይለያያሉ። የዘገየው በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን እጁን ያሠራል።

የእንጀራውን ሥራ መቼ መተው ይገባል ለሚለው የጉባኤ ቤቱ ልማድ ከብዙ የንግድ ምክር ይሻላል። የቅኔ ተማሪ ደረስኩ ስላለ ብቻ ወንበር አይተክልም። መምህሩ ፊት ያስመሰክራል፤ እስኪያስመሰክር ድረስ አኮፋዳውን አያወርድም። ጀማሪው ባለሙያ የኔታ ስለሌለው የሚመሰክርለት ደንበኛው ነው። ዘመድ ያዘነለት፣ ጓደኛ ያበረታው ግዢ ምስክርነት አይሆንም። የማያውቀው ሰው መጥቶ ከፍሎ ሄዶ፣ ሁለተኛ ጊዜም ተመልሶ ከከፈለ፣ ይህም ከአንድ የሠርግ ወቅት አልፎ በክረምትም ከቀጠለ ወንበሩን ሊተክል ይችላል። ከዚያ በፊት ደመወዙን የሚለቅ ደፋር አይባልም፤ ሳያስመሰክር ያስተማረ ነው።