ስለ ሕዝብ ጠባይ

«የዚያ አገር ሰው ጠባዩ እንዲህ ነው» ሲባል ያልሰማ ሰው የለም። አንዱ ሕዝብ ታታሪ፥ ሌላው ተንኰለኛ፥ ሦስተኛው ገር ይባላል። ይህን ዓይነቱን ፍርድ ለመመርመር እኔ የታይላንድን ሕዝብ መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ስለ ጠባዩ ብዙ የተጻፈለት ሕዝብ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ጽፌአለሁ።)

በ1943 ዓ.ም. ሩት ቤኔዲክት የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ታይላንድን በዓይኗ ሳታይ ስለ ሕዝቡ ጠባይ አንድ ጽሑፍ አዘጋጀች። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ኤምብሪ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ፥ የታይ ሕዝብ አኗኗር እንደ ጃፓን የጠበቀ ሳይሆን ላላ ያለ ነው ሲል ጻፈ። ነገሩ ፈጽሞ ሐሰት ነው አልልም። የታይ ሰዎች ራሳቸው እኛ «ግድ የለም» እንደምንለው «ማይ ፔን ራይ» ማለት ያዘወትራሉ። «ክሬንግ ጃይ» የሚሉትም አላቸው፤ ሲተረጐም ልብን መፍራት እንደ ማለት ነው። ከእኛ ይሉኝታ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ መጨነቅ ሲሆን፥ ክሬንግ ጃይ «ሰውን እንዳላስቸግር» ብሎ መጠንቀቅ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ እኛም ብንማረው አይጐዳንም።

ይሁን እንጂ ይህ ጠባይ የመጣው ከደም ነው እንዳንል፥ ደሙ የማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የታይ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከደቡብ ቻይና ወገን ቀስ በቀስ፥ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ወደ ደቡብ ወረዱ። በደረሱበት አገር ሞንና ክመር የሚባሉ ሕዝቦች ከተማ ሠርተው፥ ሃይማኖት ይዘው ይኖሩ ነበር። የታይ ፊደል ከክመር ፊደል የተወለደ ነው፤ የአዩትያ ነገሥታትም ብዙ የቤተ መንግሥት ሥርዓት ከክመሮች ወሰዱ። ከዚያም ቻይናዎች በመርከብ እየመጡ ነገዱ፥ አገቡ፥ ወለዱ። በሰሜን ምሥራቅ ያለው የኢሳን ሕዝብ ከአገሩ ሰው ሲሦ ያህል ሲሆን የሚበዛው ቋንቋው ላኦ ነው። በደቡብ ጫፍ በፓታኒ፥ በያላና በናራቲዋት ደግሞ እስላሞች የሆኑ ማላዮች ይኖራሉ።

ይህን ሁሉ በአንድ ስም ለመጠቅለል የፒቡን ሶንግክራም መንግሥት በ1939 ዓ.ም. የአገሩን ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ለወጠ። እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስም አሥራ ሁለት ደንቦች እየተከታተሉ ወጡ፤ ሕዝቡ ምን ብሎ ራሱን እንደሚጠራ፥ ምን እንደሚለብስ ሁሉ ተነገረው። በዚያን ጊዜ ባርኔጣ ማድረግ ግዴታ ሆነ፤ ቡላት የሚባለውን ቅጠል ማኘክም ተከለከለ። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ጠባይ በደም የሚወረስ ቢሆን ኖሮ በዐዋጅ ማዘዝ ለምን ያስፈልግ ነበር?

ሌላም አለ። ታይላንድ እንደ ኢትዮጵያ ነፃነቷን ጠብቃ ከኖሩት ጥቂት አገሮች አንዷ በመሆኗ፥ ብዙዎች ይህን «ለነፋስ እንደሚጐነበስ ቀርከሃ» ብልህ ከሆነው ጠባይዋ ይቈጥሩታል። የነገሥታቱ ብልኀት አይካድም። ነገር ግን በምዕራብ በበርማ እንግሊዝ፥ በምሥራቅ በኢንዶቺና ፈረንሳይ ነበሩ፤ ሁለቱም እንዳይጋጩ መካከላቸው ነፃ አገር እንዲኖር ስለ ፈለጉ በ1896 ዓ.ም. ተስማሙ። ያም ሆኖ ሲያም በ1893 እና በ1907 ለፈረንሳይ፥ በ1909 ለእንግሊዝ ሰፊ መሬት ለቅቃለች። የመጐንበሱ ዋጋ ይህ ነበር።

ስለ ጠባይ የሚነገረው ነገር ጨዋታ ብቻ አይደለም የምለው ግን በጥቅምት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በባንኮክ በታማሳት ዩኒቨርሲቲ በሆነው ነገር ነው። ገርና ፈገግተኛ በሚባለው በዚሁ ሕዝብ መካከል፥ ተማሪዎች «ታይ አይደሉም» እየተባሉ በጥይት፥ በዱላና በገመድ ተገደሉ። ገዳዮቹም ሟቾቹም ያንኑ ቋንቋ የሚናገሩ፥ በዚያው ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው።

በ1767 ዓ.ም. በርማዎች አዩትያን አቃጥለው ባጠፉ ጊዜ ወታደር ሰብስቦ አገሩን ነፃ ያወጣው ንጉሥ ታክሲን ነበር። አባቱ ከቻይና የመጣ ስደተኛ ነው። ሐውልቱ በፈረስ ተቀምጦ፥ ሰይፉን ከፍ አድርጎ ዛሬም በባንኮክ አደባባይ ቆሞ ይታያል።