«ምንም አንፈልግም»

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ሰው «እሺ» ካለ ፈቅዷል ማለት ነው? ጥያቄውን ኪታብ ላይ አይደለም ያገኘሁት። ህንድ አገር፣ ሐይደራባድ ከተማ፣ ባገባሁ በአምስተኛው ወር፣ ከጎረቤቴ ጋር የሰው አልጋ ተሸክሜ ደረጃ ስወርድ ነው።

ለማስተርስ ትምህርት ነበር የሄድኩት። ቀን ዩኒቨርሲቲ እውላለሁ፣ ከዐስር በኋላ አንድ ሸይኽ ዘንድ ፊቅህ እቀራለሁ። ባለቤቴን ኒካሕ ካሰርን ብዙም ሳይቆይ ይዣት ሄድኩ። የተከራየነው ቶሊቾውኪ የሚባል ሰፈር ነው፤ የሶማሌ፣ የየመንና የሱዳን ተማሪ የሚበዛበት። ጠዋት የውሃ ቦቴ ሲመጣ ባልዲያችንን ይዘን እንወርዳለን። ማታ ገንዘብ ካለን ኢራኒ ሻይ በኦስማንያ ብስኩት፣ ከሌለን እቤት በዳቦ። እንጀራ በሌለበት አገር ሙሽራ መሆን የራሱ ፈተና አለው፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ የአውቶ ሹፌር ይኖሩ ነበር። አውቶ ማለት እኛ ባጃጅ የምንላት ናት። ቻቻ እላቸዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት ነው። ሦስት ሴት ልጆች አሏቸው። የትልቋ ልጅ እጮኛ ቤተሰቦች ሊጠይቁ ሲመጡ ሻይ ጠጡ፣ ጣፋጭ በሉ፣ ከዚያም እዚያ አገር ሁሉም የሚያውቃትን ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። «ሀሜ ኩች ነሂ ቻሂዬ።» ምንም አንፈልግም። ቀጥለውም «ለልጅዎ በደስታ የሚሰጧት ካለ ግን እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው» አሉ።

በዚህች «ግን» ውስጥ አንድ ሙሉ ቤት አለ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ለሙሽራው ሞተር ሳይክል፣ ወርቅ፣ በትልቅ አዳራሽ የሚበላ እራት። ስሙ ጀሄዝ ይባላል። ዕቃው በክፍት መኪና ተጭኖ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ነው ወደ ሙሽራው ቤት የሚሄደው። እኔም የዚያን ቀን ጫኝ ነበርኩ።

መኪናው ሲሄድ ቻቻ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አውቶዋን አስይዘው እንደተበደሩ አውቃለሁ። «ቻቻ፣ እነሱ አልጠየቁም። ታዲያ ለምን?» አልኳቸው። አዩኝና፣ «ልጄ፣ ቢጠይቁማ እከራከራቸው ነበር» አሉኝ።

ይህችን መልስ ይዤ ነው የከረምኩት።

ጉዳዩን በሕግ ካያችሁት ያለቀ ይመስላል። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣችው ሕግ ጀሄዝ መስጠትም መቀበልም ወንጀል ነው። የሙስሊሞች መህር ግን ጀሄዝ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ለይቶ አስቀምጧል። ይህ ሁሉ ሆኖ የአገሪቱ የወንጀል መዝገብ ቢሮ በ2020፣ በ2021 እና በ2022 በእያንዳንዱ ዓመት ከጀሄዝ ጋር የተያያዘ ከ6,000 በላይ የሴቶች ሞት መዝግቧል። ሂንዱም ሙስሊምም አለበት። ሕጉ የሚይዘው የጠየቀን ሰው ነው፤ «ምንም አንፈልግም» ያለን ሰው በምን ይያዘው?

በሸሪዓ ካየነውማ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መህር ከወንዱ ወደ ሴቷ የሚሄድ፣ የራሷ የሴቷ ሐቅ ነው። እሷ በልቧ ወዳ ከሰጠችው ብቻ ነው ባል ከመህሯ የሚበላው፤ ሱረቱ አን-ኒሳእ መጀመሪያ አካባቢ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ ሰዎች እዚያ «ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ፋጢማን (ረ.ዐ) ሲድሩ ዕቃ ሰጥተዋታል» ብለው ይከራከራሉ። ሸይኻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ነበር። ዐሊይ (ረ.ዐ) ለመህር ያቀረቡት የጦር ጥሩራቸውን ነው። «ጀሄዙን የምትጠቅሱ ሰዎች፣ ጥሩሩን የት ጣላችሁት?» ይላሉ።

አንድ ቀን የቻቻን ነገር አነሳሁላቸው። ኢማም አል-ገዛሊን ጠቅሰው መለሱልኝ። ሰው ፊት ተጠይቆ፣ እምቢ ማለት አፍሮ የሰጠ ሰው ገንዘብ ተገርፎ እንደተወሰደበት ሰው ገንዘብ ነው፤ አንዱ ጀርባው ላይ ተገረፈ፣ አንዱ ልቡ ላይ። ሐሳቡ ይህ ነው። እኔም ደስ ብሎኝ፣ የህንዶችን ችግር የሚፈታ መልስ አገኘሁ ብዬ፣ በሩጫ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለባለቤቴ ልነግራት።

በሩን ስከፍት ሩዝ ታበስላለች። እጇ ባዶ ነው።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ራሴን ልናዘዝ። የባለቤቴ መህር ሠላሳ ግራም ወርቅ ነበር። ከአገር ከመውጣታችን በፊት ለአውሮፕላን ቲኬትና ለመጀመሪያው ክፍያ ገንዘብ ጎደለኝ። እናቴ ባለችበት፣ ታላቅ ወንድሟም በተቀመጠበት፣ «ወርቁ ያንቺ ነው፤ ካልፈለግሽ ምንም ችግር የለም። ትምህርቱ ይቀራል እንጂ» አልኳት። እሺ አለች። በማግስቱ ሸጥኩት። ከዚያ በኋላ ይህን ታሪክ ለስንቱ ጓደኛዬ እንደ ቂሷ አወራሁት መሰላችሁ! «እንዲህ ዓይነት ሚስት ስጠኝ ብላችሁ ዱዓእ አድርጉ» እያልኩ።

«ትምህርቱ ይቀራል እንጂ።» የእኔዋ «ግን» ይህች ነበረች።

ነገሩን ለራሴ ለማቅለል ብዙ ሞክሬያለሁ። ትዳር መቻቻል ነው አልኩ። ያለ ምንም ጫና የሚሰጥ ስጦታ የታለ አልኩ። ይህ የመጨረሻው እውነት አለው፤ ባልና ሚስት የሚሰጣጡትን ሁሉ በሚዛን ካስቀመጥን ቤት አይቆምም። ደግሞስ የሚስቴን «እሺ» ሁሉ ብጠራጠር እሷን እንደ ሕፃን መቁጠር አይሆንብኝም? ትልቅ ሰው ናት፣ የምትለውን ታውቃለች። ይህ ክርክር ረጅም ጊዜ አስተኝቶኛል። የቀሰቀሰኝ ሌላ ጥያቄ ነው። የዚያን ቀን እምቢ ብትል ኖሮ ምን ይጠብቃት ነበር? የእናቴ ፊት፣ የወንድሟ እፍረት፣ የእኔ ኩርፊያ። ለእሺታዋ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል፤ ለእምቢታዋ ግን መቆሚያ የሚሆን አንድ ስንዝር ቦታ አልተውኩላትም። ዛሬ ጅዳና ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ እህታችሁ ደውላችሁ «ካልቻልሽ ተይው፣ ቤቱ ሳይከደን ይክረም» የምትሉ ልጆች ይህን የምታውቁት ይመስለኛል።

በአንዱ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወደ ቻርሚናር ሄድን፤ በ1591 የተሠራው ባለ አራት ሚናራ ሕንፃ ነው። አጠገቡ ላድ ባዛር አለ፣ አምባር ብቻ የሚሸጥበት የሚመስል ጠባብ መንገድ። ባለቤቴ የሚያብረቀርቅ አምባር አንስታ ለካችና መለሰችው። ብርጭቆ ነው፣ ወርቅ አይደለም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ጠየቅኳት።

«ያ ወርቅ… በልብሽ ነበር?»

ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ብቻዬን ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር» አለችኝ። «እሰጥህ ነበር። አንተ ግን አልጠየቅከኝም፤ ሰው ፊት ነገርከኝ።»

እኔ የፈራሁት «አልነበረም» እንዳትለኝ ነበር። ይህኛው ባሰብኝ። በፈቃዷ ልትሰጠኝ የነበረውን ነገር፣ ቸኩዬ፣ መስጠቱን ራሱን ቀማኋት።

የዚያን ማታ ወረቀት ላይ «ሠላሳ ግራም ወርቅ አለብኝ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። «አያስፈልግም» አላለችም። አጥፋ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው። በብር ሳይሆን በግራም መጻፌን የወርቅ ዋጋ የምትከታተሉ ታዝኑልኛላችሁ። አገር ከተመለስን በኋላ ትንሽ በትንሽ እየከፈልኩ፣ እስካሁን አሥራ ስምንት ደርሻለሁ፤ አልሐምዱሊላህ።

ባለፈው ዓመት ከመለስኩላት ላይ አምስት ግራም ሸጣ ለታናሽ እህቷ የኮሌጅ ክፍያ ሰጠች። እኔ የሰማሁት ከእህቷ ነው።