የድኾችን ፊት መሣል

የሕንዳዊቷ ሠዓሊ የአምሪታ ሼር ጊል «ተረት ነጋሪው» የተሰኘ የ1937 ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 በጨረታ ከ600 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ተሽጧል። በሥዕሉ የሚታዩት መንደርተኞች ናቸው። እንግዲህ የባለጸጋ ልጅ የድኾችን ፊት ብትሥል፣ ፍቅር ነው ወይስ በችግራቸው መጠቀም? በ1941፣ ገና በ28 ዓመቷ ያረፈችው ሠዓሊ ስለ ዋጋው አትጠየቅም፤ ስለ አተያይዋ ግን ትጠየቃለች።

ትምህርቷን በፓሪስ ፈጽማ በ1934 ወደ ሕንድ ስትመለስ፣ የድኾችን ሕይወት፣ ይልቁንም ዝምታቸውን፣ ለመሣል ቆረጠች። በ1935 በሣለችው «ሦስት ልጃገረዶች» ውስጥ ሴቶቹ ሌሎች የወሰኑላቸውን ዕድል የሚጠባበቁ ይመስላሉ። አያለቅሱም፤ እጃቸውንም ለምጽዋት አልዘረጉም። (የእኛ የርዳታ መጠየቂያ ሥዕሎች ግን ስንቱን ሕፃን አስለቅሰዋል!) ስለዚህ በችግራቸው ተጠቅማለች ለማለት አልደፍርም። ሊያዝንላቸው የመጣውን ባለጸጋ ግን ቅር ያሰኙታል፤ ሦስቱም ወደ እርሱ አይመለከቱም።