ወጪ ወራጅ

አብደራፊ ያደገ አንድ ልጅ ነበር። አባቱ ሰሊጥና ማሽላ ያርሳል፤ ሀብታም አይባልም፣ ግን በክረምት ለአረም፣ በመስከረም ለአጨዳ ሰው ይቀጥራል። ልጁ ጀሪካን ተሸክሞ ከቤት እስከ እርሻ ሲሮጥ አህያ ይቀድማል ይባልለት ነበር። ቆላ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ብዙ ነው፤ እኔ ግማሹን ነው የማምነው።

ሰሊጥን ለማያውቅ ትንሽ ልናገር። ሰሊጥ ሲደርስ ቅጠሉ ይረግፋል፣ ፍሬ የያዘው ቀፎ ከታች ጀምሮ ሊከፈት ይቃጣዋል። ከተከፈተ በኋላ ንፋስም ቢነካው፣ የሰው ክንድም ቢታከከው ፍሬው መሬት ነው፤ ከዋልካው ስንጥቅ ለቅሞ የሚያወጣው የለም። ስለዚህ ሳይከፈት ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ራስ ለራስ ተደጋግፈው ሂላ ይሆናሉ። ሁለት ሳምንት ያህል ከደረቁ በኋላ ሸራ ላይ ተዘቅዝቀው ይራገፋሉ። ይህ ሁሉ ጥድፊያ የሚመጣው በመስቀል ሰሞን ነው። አባትዬው "ሰሊጥ በዓል አያውቅም" ሲል እውነቱን ነበር።

በዓል የሚያውቁት አጫጆቹ ናቸው። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጎጃም ጭምር ወርደው፣ ቀን በአርባ ዲግሪ ግድም ሙቀት እየዋሉ ማታ ግራር ሥር ይተኛሉ። አንድ ዓመት በመስቀል ዋዜማ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት አንድ አጫጅ አንድ እፍኝ ደረቅ የሰሊጥ አገዳ አስሮ ለኮሰ። ችቦ መሆኑ ነው። አባት ከሩቅ ጮኸ፤ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ሮጦ ደረሰና ከሰውዬው እጅ ነጥቆ በጫማው ረጋገጠው። ሰውዬው አልተቆጣም። የሚጨሰውን ጭራሮ እያየ "ልክ ነህ፣ ሂላው ቅርብ ነው" አለው።

ልጁ አደገ፣ ሩጫው ታየለት። በአብርሃ ጅራና በሳንጃ አድርጎ ጎንደር፣ ከጎንደር ደግሞ ደባርቅ ወጣ። ከ1000 ሜትር በታች ካለው ቆላ 2800 ሜትር ወደሚሻገር ደጋ ማለት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለቀላል ሩጫ እንኳ ትንፋሽ አጣ። የቆላው ፈረስ የደጋው በቅሎ እንኳ አልሆነም።

አሰልጣኙ አስረዳው። "አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ኩላሊትህ ይህን ሲያውቅ ሆርሞን ይለቃል፣ መቅኔህ ቀይ የደም ሴል ያመርታል። ሦስት አራት ሳምንት ታገሥ።" እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ 2240 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የባሕር ዳርቻ ሰዎች አየር ሲያጥራቸው ማሞ ወልዴ ማራቶኑን እንዴት እንዳሸነፈም ነገረው። አሰልጣኝ ሁሉ ይህችን ታሪክ ይወዳል።

ኅዳር አለቀ። ልጁ ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳይነሣ የእጁን ትርታ ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ዳገቱም ተላመደው። ገና ሲቃረብ ለሦስት ቀን ወደ ቤት ልውረድ ብሎ ጠየቀ።

"በሦስት ቀን ደምህ አይሸሽም" አለው አሰልጣኙ፤ ሐቀኛ ሰው ነበር። "ግን መንገዱ አለ፣ የበዓሉ ቅቤና ጠላ አለ። ከሁሉ በላይ ወባ አለች። ወር ሙሉ የሠራኸውን ደም ወባ በሳምንት ታፈርሰዋለች። ውድድርህ ጥር ነው።"

ቀረ።

የተከራየው ክፍል አስፋልቱ ዳር ካለ ግቢ ውስጥ ነው። ባለቤቷ ሴት ወጪ ወራጁን እያየች ጠላ ትሸጣለች። የገና ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ውርጩ ገና ከሣሩ ሳይነሣ በሩን መታችው። "ልጄ፣ ብቻህን አትፈስክም፤ ና" አለችው። ገባ። በሞሰቡ ዙሪያ ልጆቿ ተቀምጠዋል፤ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ አንድ በርጩማ ባዶ ነው። እሱ ወደ መደቡ ሲል "እዚህ፣ እዚህ" ብላ በርጩማውን አሳየችው።

"የማን ነው እትዬ?"

"የአባታቸው። ለሰሊጥ እንደወረደ ነው። ሰሊጡ ሲያልቅ ማሽላና ጥጥ ቀረ ብሎ ልኮብኛል።"

"የት ነው የወረደው?"

"ወደናንተው፤ አብደራፊ።" ዶሮውን እያወጣች ቀጠለች። "ካቻምና ካላዛር ይዞት ነበር። ጣፊያው አብጦ፣ ደሙ አልቆ፣ ከንፈሩ እንደዚህ ነጭ ሆኖ" አለችና እንጀራውን አሳየች። "እዚያው ድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋ ለሳምንታት በመርፌ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲያ አልወርድም ብሎ ነበር።" ፈርሰኛውን ልጁ ፊት አስቀመጠችለት።

ልጁ ፈርሰኛውን አየው። በዚህ ቤት የማን እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም። እጁ ልማዱ ሆኖ ወደ ትርታው ሄደ፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ሲል ቁጥሩ ጠፋበት። የክፍሉ ኪራይ ከአባቱ ነው የሚላከው፤ ጫማውም። የአባቱ ብር ከሰሊጡ ነው። ሰሊጡን ደግሞ አባቱ አላጨደውም።

ያ ችቦ የለኮሰው ሰውዬ ይሄ ይሁን አይሁን አላውቅም። ልጁም አልጠየቀም፤ ሽበት ያለው አጫጅ ብዙ ነው።

ፈርሰኛውን ለትንሹ ልጅ አጎረሰና ይቅርታ ብሎ ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ሆኖ ስልክ ደወለ። አባቱ በደስታ አነሣ። ከኋላው የሰው ሁካታ፣ የእናቱ ሣቅ ይሰማል።

"እንኳን አደረሰህ አባዬ።"

"እንኳን አብሮ አደረሰን! በላህ? በረደህ?"

"በላሁ። አባዬ፣ ከሠራተኞቹ ውስጥ የደባርቅ ሰው አለ?"

"እኔ ምኑን አውቃለሁ? ከደጋ ናቸው።"

"ስማቸውስ?"

አባትየው ዝም አለ። ከዚያ በፊት እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም፤ የቀን ሒሳብ የሚጻፈው በቁጥር ነው።

"ቆይ" አለ በመጨረሻ።

ስልኩን አልዘጋውም። ልጁ የእግር ኮቴ ሰማ፤ ውሻ ሲጮህ፣ የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ሰማ። ከዚያ የአባቱ ድምፅ፣ የሠራተኞቹ የሸንበቆ መጠለያ አፍ ላይ ቆሞ፣ እንደ ማዘዝ ሳይሆን እንደ መጥራት፦

"እናንተ! ከመሀላችሁ የደባርቅ ሰው አለ?"

የመለሰው አንድ ድምፅ ብቻ አልነበረም።