ከሰዓቱ ሥር ያለው ቆዳ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ሽፍታ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ወሎ ሰፈር ከመግሪብ በኋላ ለምናደርገው ደርስ ከሚመጡ ወጣቶች አንዱ ዉዱእ ሲያደርግ አጠገቡ ነበርኩ። ግራ እጁ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ከበድ ያለ፣ የብረት ማሰሪያ ያለው ሰዓት አስሯል። ሳያወልቀው ውኃውን ከላይ አፈሰሰበት። «ጠባብ ከሆነ ውኃው ከሥሩ አይደርስም፤ አንቀሳቅሰው ወይ አውልቀው» አልኩት። ትንሽ አመነታና አወለቀው።

ቆዳው ክብ ሆኖ ቀልቷል። ጠርዙ ላይ ውኃ የቋጠሩ ጥቃቅን እብጠቶች አሉ፣ መሐሉ ጠቁሮ ተልጧል። የሰዓቱ የጀርባ ክዳን በማኅተም የተመታ ይመስላል። ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቀው «ሦስት ወር ይሆነዋል» አለኝ። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቷል፤ ማታ ማታ ይቀባዋል፤ ጠዋት ሰዓቱን መልሶ ያስራል። አንድ ሰሞን ወደ ቀኝ እጁ አዛውሮት ነበር፤ በሳምንቱ ቀኙም ማሳከክ ጀመረ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የጠየቀኝ ነገር ነው ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ። «ኡስታዝ፣ ኦርጅናል ሰዓት ያሳክካል እንዴ?»

ስለ ቆዳው አልጠየቀኝም። የፈራው ሌላ ነገር ነው። ልጁ ቦሌ መንገድ ላይ ቤት ሻጭ ነው፤ ገና ያልተሠራ አፓርታማ በፕላንና በሥዕል ይሸጣል። ሥራ ሲጀምር «ደንበኛ መጀመሪያ የሚያየው እጅህንና ጫማህን ነው» ብለውታል። የደመወዙን ግማሽ አውጥቶ የታወቀ የስዊዝ ኩባንያ ስም ያለበት ፎርጅድ ሰዓት ገዛ። ማሳከክ ሲጀምር «ርካሽ ነገር ነው የሚያሳክከው፤ ሰው ቁስሉን ካየ ያውቅብኛል» ብሎ ሸሚዙን እስከ መዳፉ ድረስ መሳብ ጀመረ። ሰዓቱ ግን እንዲታይ ይፈልጋል። አስቡት፤ ቀኑን ሙሉ ሰዓቱን እያሳየ ከሥሩ ያለውን ይደብቃል።

ለጥያቄው መልስ ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የተማርኩት ኬሚስትሪ አንዳንዴ ደርስ ላይ ይጠቅመኛል።

ነገሩን የሚያስነሳው አብዛኛውን ጊዜ ኒኬል የሚባለው ማዕድን ነው። ላብ ሲነካው ከብረቱ በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ ይወጣና ቆዳ ውስጥ ይገባል። የሰውነታችን መከላከያ አንድ ጊዜ «ይህ ጠላት ነው» ብሎ ከመዘገበው በኋላ አይረሳውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። ለዚህ ነው ሰው ለወራት፣ ለዓመታት በሰላም ያሰረው ዕቃ አንድ ቀን ድንገት የሚያሳክከው። ምልክቱ ወዲያው አይመጣም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ሊዘገይ ይችላል። እህቶቼ ይህን ከእኛ በፊት ያውቁታል፤ አርቴፊሻል የጆሮ ጌጥ አድርጋ ጆሮዋ ያልቆሰለባት ጓደኛ የሌላት ማን አለች?

አሁን ወደ «ኦርጅናሉ» እንምጣ። በጥሩ የእጅ ሰዓቶች ላይ የተለመደው 316ኤል የሚባለው አይዝጌ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለበት። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1985 መጠቀም የጀመረው 904ኤል ደግሞ ከ23 እስከ 28 በመቶ ይደርሳል። አዎ፣ ውዱ ይበልጣል! ልዩነቱ በደንብ የተሠራ ብረት ኒኬሉን አጥብቆ መያዙ ነው፤ የሚለቀው በጣም ጥቂት ነው። ርካሹ ብዙ ጊዜ ከላይ በስሱ ይለበጣል፤ ልባጡ ሲላጥ ከሥሩ ያለው ከላብ ጋር ይገናኛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሕግ ለረጅም ጊዜ ቆዳ የሚነካ ዕቃ በሳምንት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም በላይ ኒኬል እንዳይለቅ ወስኗል። ሕጉ የሚለካው የሚለቀቀውን ነው። ብረቱ ውስጥ ስንት አለ፣ ዋጋውስ ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ «አዎ፣ ኦርጅናልም ሊያሳክክ ይችላል፤ ቆዳው በጣም ለተቆጣ ሰው ጥቂቱም ይበቃዋል» አልኩት። ፊቱ በራ። «ስለዚህ ሰው ቢያየው እንኳ ፎርጅድ መሆኑ አይታወቅም ማለት ነው?»

ወላሂ አዘንኩ። እጁ ቆስሎ ሳለ ያስደሰተው ምሥጢሩ አለመውጣቱ ነው።

ወንድሞቼ፣ ሰዓት መውደድ ኃጢአት ነው እያልኩ አይደለም። አላህ ቆንጆ ነው፣ ቁንጅናን ይወዳል፤ ይህ በሐዲስ የመጣ ነው። ኩራት ማለት ጥሩ መልበስ ሳይሆን እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አብራርተዋል። ሐላል ገንዘብ ኖሮት ጥሩ ሰዓት የሚያስር ሰው ላይ ጣት የምንቀስር ሰዎች ራሳችንን እንፈትሽ፤ እኔም የ300 ብር ፕላስቲክ ሰዓቴን እያየሁ «ዛሂድ ነኝ» ብዬ በልቤ የኮራሁበት ቀን አለ።

ዲናችን ቆዳን እንዴት እንዳከበረ ግን ተመልከቱ። ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ (ረ.ዐ) የሚባሉ ሶሐባ ነበሩ፤ በጃሂሊያ ዘመን ኩላብ በተባለው ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር አፍንጫ አሠሩ፤ ብሩ አልተስማማቸውም፣ ሸተተባቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከወርቅ እንዲያሠሩ አዘዟቸው። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ወርቅ ለወንድ ሐራም መሆኑን እናውቃለን፤ ብረት ከሥጋ ጋር ባልተስማማ ጊዜ ግን በሩ ተከፈተ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍና ዙበይርም (ረ.ዐ) በማሳከክ ምክንያት ሐር እንዲለብሱ ተፈቅዶላቸዋል፤ ይህ ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ ነው። በመዲና ውስጥ የአንድ ሰው ማከክ ሸሪዓዊ ክብደት ያለው ጉዳይ ነበር ማለት ነው። የእኛ ልጅ ግን ተቃራኒውን አደረገ፤ ለሰው ዓይን ብሎ አካሉን አቆሰለ። አካልህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው ተብለናል።

(መቼም አንዱ «እንግዲያው አለርጂ ስላለብኝ የወርቅ ሰዓት ልሰር?» ብሎ መጻፉ አይቀርም። አይሆንም ወንድሜ። ዐርፈጃ ሌላ አፍንጫ አልነበራቸውም፤ አንተ የጨርቅ ማሰሪያ አለህ፣ ቲታኒየም አለ፣ ስልክህም ሰዓት ይነግርሃል። ነጭ ወርቅ የሚባለው ራሱ ኒኬል ሊቀላቀልበት ይችላል።)

ለቆዳው ያልኩት ይህን ነው። ሰዓቱን ጨርሶ አውልቅ፤ ቅባት እየቀቡ መልሶ ማሰር እሳት ላይ ውኃና ጋዝ በተራ እንደ ማፍሰስ ነው። የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ፤ አለርት ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። መንስኤውን ለመለየት የሚጠረጠሩትን ነገሮች ጀርባ ላይ ለ48 ሰዓት ለጥፎ የሚታይበት ምርመራም አለ። የቆዳ ማሰሪያ ቀይሬ አርፋለሁ አትበል፤ ብዙ ቆዳ የሚለፋው በክሮም ጨው ስለሆነ እሱም አለርጂ የሚሆንበት ሰው አለ፤ መቆለፊያውም ብረት ነው። አለርጂ የሌለበት ሰውም ቢሆን በቀን አምስት ጊዜ ዉዱእ አድርጎ እርጥብ እጁ ላይ ሰዓት ሲቆልፍ ሳሙናና ላብ ከሥሩ ታፍነው ቆዳውን ያቆጡታል። አውልቁ፣ ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ እሰሩ። ሽፍታው ሲድን ጥቁረቱ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል አትደናገጡ።

ያወለቀው ዕለት ማታ ደወለልኝ። ስለ ሐኪም ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር። «ኡስታዝ፣ አንድ ያልነገርኩት ነገር አለ» አለ። አንድ ደንበኛ፣ ልጆቹን ይዞ ከኪራይ ቤት ለመውጣት የሚታገል አባት፣ ሰዓቱን አይቶ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ ጠይቆታል። እሱም «አዎ» ብሏል። ሰውየው ቅድሚያ ክፍያ ከፍሏል፤ ልጁም ኮሚሽኑን ወስዷል።

«የሸጥኩለት ቤት እንጂ ሰዓት አይደለም፤ ውሉ ላይ የዋሸሁት የለም። ተውበት ባደርግ አይበቃም?»

ብዙ ዝም አልኩ። ኪታብ ፊት ብሆን ስለ ሽያጭ ውል ሹሩጦች ልዘረዝርለት እችል ነበር፤ ውሉ ምናልባት ትክክል ነው። ሰውየው ግን ያን ጥያቄ የጠየቀው ሰዓት ሊገዛ አልነበረም። መሬት ላይ ገና የሌለ ቤት ሊገዛ ነው፤ የሚዳስሰው ግድግዳ የለውም። በእጁ ያለው ማስረጃ ፊቱ የቆመው ልጅ ብቻ ነው፤ ያንን ነው የመረመረው። የተሰጠው መልስ ውሸት ነበር።

«ለአላህ ያለህ ተውበት በአንተና በእሱ መካከል ነው» አልኩት፤ «ሰውየውን ግን ደውለህ ንገረው። ቤቱን ከፈለገ በእውነት ላይ ሆኖ ይፈልገው።»

«ውሉን ቢያፈርስስ? መሥሪያ ቤቱስ ቢያባርረኝ?»

ሊሆን እንደሚችል ነገርኩት። አይሆንም ብዬ ባጽናናው እኔም ያልኖረኝን አሳይቼው ነበር።

ይህን እስክጽፍ ድረስ አልደወለም። ትናንት ደርስ ላይ መጥቶ ነበር፤ ግራ እጁ ባዶ ነው፣ ክቡ ጠባሳ ከሩቅ ይታያል፤ ሸሚዙን አልጎተተበትም። ዛሬ ከጁሙዓ በኋላ አጠገቡ ሆኜ እንዲደውል ጠይቆኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። ዱዓ አድርጉለት።