ቤትም ይለመጻል

ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ሰው ብቻ ሳይሆን ቤትም እንደሚለመጽ ይናገራል። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ሲታይ ካህኑ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋል፤ ከሰፋ ድንጋዮቹ ይነቀላሉ፣ ግድግዳው ይፋቃል። ተመልሶ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ብሩክሊን ያለ አንድ ሆስፒታልም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ካንዲዳ አውሪስ የተገኘበት ታማሚ ካረፈ በኋላ ፈንገሱ ከክፍሉ አልለቅ ስላለ፣ የጣሪያና የወለል ንጣፎች እስከ መነቀል ደረሱ።

ይህ ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ሴት ጆሮ ተለይቶ ታወቀ፤ «አውሪስ» የሚለው ስሙም በላቲን «ጆሮ» ማለት ነው። የተለመደው የላብራቶሪ ምርመራ ከዘመዶቹ ጋር ያምታታዋል። ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ አይበግረውም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ቀዳሚዎቹ መድኃኒቶች ኤኪኖካንዲኖች ናቸው። ቆዳ ላይ ብቻ ለሰፈረው ግን መድኃኒት አይታዘዝም፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ከባዱ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ያልታመመ፣ ያላጠፋም ሰው ፈንገሱን ስለተሸከመ ብቻ ለብቻው ይተኛል፤ ነርሷም ያለ ጓንትና ጋውን አትነካውም። ሌላውን በሽተኛ ለማዳን ተገቢ ነው፤ ለተገለለው ግን ቅጣት ይመስላል።

ማግለሉ ከሚገባው በላይ እንዳይጎዳ የሚጠነቀቅ፣ አንባቢ ግን የሚዘለው አንድ የኦሪት ትእዛዝ አለ፦ ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ ይውጣ፣ አብሮ ርኩስ እንዳይባል።