ልብ ወለድ መጻሕፍትን ስለ ማንበብ

ልብ ወለድ የሚለው ቃል ራሱ ክርክር ያለበት ቃል ነው። ትርጓሜው ከልብ የተወለደ ማለት ነውና፣ አንዱ ይህን ሰምቶ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ከሐሰት በምን ይለያል?» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ለጊዜ ማሳለፊያ የተጻፈ ነገር ይህን ያህል ምን ያመራምራል?» ብሎ ይመልሳል። በምሥራቅ ጎጃም፣ በብቸናም ሆነ በሞጣ፣ የቅኔ ቤትና የመንግሥት ትምህርት ቤት ተጎራብተው በሚኖሩበት ከተማ፣ ይህ ክርክር እንግዳ አይደለም። የቅኔው መምህር ደቀ መዝሙራቸው የፍቅር ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ በነጠላው ሸሽጎ ቢያገኙት ያዝናሉ፤ ዘመን ባከነ፣ ልብም ተበተነ ይላሉ። በዘመናዊ ትምህርት ያደገው የከተማ ሰው ደግሞ ያንኑ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት ጨርሶ፣ በማግሥቱ ለባልንጀራው ያውሰውና ነገሩን ይረሳዋል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ተባብረዋል፤ ሁለቱም የሚመረምሩት መጽሐፉን ነው፤ አንባቢውን የሚመረምር ግን የለም። የነገሩ ሥር ያለው ግን በዚያ ነው።

በመጀመሪያ የሐሰት ነገር ይታይ። ሐሰተኛ የሚባለው፣ ሰሚው እውነት እንዲመስለው ፈልጎ ያልሆነውን የሚናገር ሰው ነው። የልብ ወለድ ደራሲ ግን ሥራው ከልብ የተወለደ መሆኑን አይሸሽግም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» የተባለው መጽሐፍ፣ በመጀመሪያ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ስም ነበር የወጣው። ማንነቱን በግንባሩ ጽፎ የመጣ እንግዳ አታላይ አይባልም።

ደግሞም የገዳም ዕቃ ቤት ከእንዲህ ያለ ታሪክ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ከየመን መጥተው በደብረ ሊባኖስ ለእጨጌነት የበቁት አባ ዕንባቆም፣ የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ1545 ዓ.ም. ገደማ፣ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። የንጉሥ ልጅ በሽታን፣ እርጅናንና ሞትን አይቶ መንግሥቱን ትቶ እንደ መነነ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ሊቃውንት ነገሩን ከሥሩ ቢመረምሩት፣ በሕንድ አገር ስለ ቡድሃ ሕይወት ከሚነገረው ታሪክ የመነጨ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ልቡ ተነክቶ ዓለምን የናቀ መነኩሴ ቢኖር፣ ንስሐው ሐሰት ሆነበት ይባላልን? አይባልም። ታሪኩ ከየትም ይምጣ፣ እንባው የራሱ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚፈታው ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረው የበግ ታሪክ ነው። ብዙ መንጋ ያለው ባለጸጋ፣ ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም የሌለውን ድኻ ቀምቶ ለእንግዳው አረደ። እንዲህ ያለ ባለጸጋ በከተማው አልነበረም፤ ድኻውም ጠቦቲቱም አልነበሩም፤ ናታን የፈጠራቸው ናቸው። ዳዊት ግን ሰምቶ ተቈጣ፤ በባለጸጋውም ላይ ሞት ፈረደ። ነቢዩም ያ ሰው አንተ ነህ አለው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የዳዊት ቍጣ እውነተኛ መሆኑ ነው። ፍርዱም ቅን ነበረ። ነገር ግን ናታን ነገሩን ከቍጣው ላይ አቁሞ ወደ ቤቱ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ ዳዊት ኦርዮን እንዳስገደለ ሳይታወሰው፣ ፍትሕ ወዳድ ነኝ ብሎ በደስታ ባደረ ነበር።

የታተመ ልብ ወለድ ነቢይ የሌለው ምሳሌ ነው። ደራሲው ታሪኩን ይናገራል፤ አንባቢውን ግን አያውቀውምና ጣቱን ሊቀስርበት አይችልም። ስለዚህ አንባቢው ለራሱ ዳዊትም ናታንም መሆን ግድ ይሆንበታል። ይህም ሥራ እንደ መጽሐፉ ዓይነት ይቀላል ወይም ይከብዳል።

አንደኛው ዓይነት በምሳሌ የሚያስተምረው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ካህኑም ያለ ሥጋት ለልጁ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ይህም ዓይነት የራሱ አደጋ አለው። ትዕቢት ወይም ስስት በጥቅል ሲነቀፍ አንባቢው ሁሉ እሺ ይላል፤ ትዕቢት የጎረቤት መልክ፣ የአባት ድምፅ፣ የራስ ልብስ ሳይለብስ ሲመጣ መንቀፍ ቀላል ነውና። ሰው የተስማማበትን ነገር ሁሉ የፈጸመው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ዓይነት የፍቅርና የኑሮ ታሪክ ነው፤ ለብቸናና ለሞጣ ሰው ከዚህ የሚቀርበው የለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት የጎጃም ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ነገሩን የሚያቆመው በዲማ ጊዮርጊስ ነው፤ ዲማም ከብቸና ጋር በአንድ ወረዳ፣ በእነማይ፣ ያለ ደብር ነው። ስለዚህ የብቸና ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ሩቅ አገር አይሄድም፤ የሚያውቀውን ደጀ ሰላም፣ የሚያውቀውን ክርክር፣ የሚያውቀውን ኩራት ያገኛል።

በዛብህ ገና ሳይጠየቅ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚመጥናት ባል ሲመርጡ ዕድሜዋ ያለፈባት ልጅ ናት። ሁለቱ ቢዋደዱ፣ በመካከላቸው የቆመው ሌላ ሳይሆን ሌሎች በስማቸው የወሰኑት ውሳኔ ነው። ሰብለ ወንጌል የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ወጥታ በሞት አፋፍ ላይ ስታገኘው ያላለቀሰ አንባቢ ጥቂት ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ባነበቡት ጊዜም፣ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሳይቀር ጆሮውን ሰጥቶ አዳምጧል።

ነገር ግን እንባ ዕዳ የተከፈለበት ደረሰኝ የሚመስለው ሰው አለ። ለሰብለ ወንጌል ያለቀሰ አባት፣ በማግሥቱ ለልጁ ባል ሲፈልግ አጥንት የሚቈጥር ከሆነ፣ ያ እንባ ምን ጠቀመ? ለበዛብህ ያዘነ ካህን፣ ሕፃን ሊሳል የመጣውን ወላጅ ስለ ልጁ ፈቃድ አንዲት ቃል ሳይጠይቅ የሚያሰናብተው ከሆነ፣ ኀዘኑ የት ቀረ? በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሁሉ ለፊታውራሪ መሸሻ በግልጽ የሚናገር ሰው ነበረ፤ እርሱም ዘመዳቸው ካሣ ዳምጤ ነው። ናታን በንጉሥ ፊት ቆሞ ተሰማ፤ ካሣ ግን «ጉዱ» ተባለ። አንባቢ ሁሉ ጉዱ ካሣን ይወዳል። ይሁን እንጂ በየከተማው ልማድን የሚነቅፍ ሰው በተነሣ ጊዜ፣ በመጀመሪያ እብድ ብሎ የሚስቅበት ማን እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

ነገሩ የጋብቻ ብቻ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቹ ጋር በግብር ነገር ተጣሉ፤ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡትም ባላገሮች ማረኳቸው። አንባቢውም ከባላገሮቹ ጋር ሆኖ ደስ ይለዋል። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ የጎጃም ገበሬም ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድ ነው ብሎ ሠጋና እምቢ አለ። ከዋናዎቹ የተቃውሞ ስፍራዎች መካከል ብቸናና ሞጣ ነበሩ። ጦር ዘመተ፣ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻም መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ፤ አገረ ገዥውም ተነሡ። ገበሬውን ያስነሣው መጽሐፍ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ ገበሬው የሚያውቀውን ችግር ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም። ጥያቄው የሚመለከተው ማንበብ የሚችለውን ነው። በወረቀት ላይ ላለው አበጀ በለው የፈረደለት ጸሓፊ፣ ዳኛና ካህን፣ አበጀ በለው በሥጋ ለብሶ ከደጁ በቆመ ጊዜ አወቀውን? ወይስ ሽፍታ ብሎ ስሙን መዘገበው? ይህን እያንዳንዱ በልቡ የሚመልሰው ነው፤ ጥያቄው ግን በዚያ ዘመን ሰዎች ብቻ የሚቀር አይደለም።

ሦስተኛው ዓይነት ከታሪክ የተቀዳው ልብ ወለድ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም.፣ የጎጃሙ ተወላጅ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ሁለቱም ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጻፉ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ሁለት ነገር ይፈትናል። አንደኛው፣ የሞተ ሰው አላልሁም ብሎ ሊከራከር አይችልም፤ ስለዚህ አንባቢው ንጉሡ በድንኳኑ ውስጥ ብቻውን የተናገረው ሁሉ የደራሲው ቃል መሆኑን መርሳት የለበትም። ሁለተኛው፣ አንባቢ ሁልጊዜ ራሱን ከጀግናው ጎን ያቆማል። ብቸና ይህን ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። በጠላት ወረራ ዘመን በዚያ ምድር የተዋጋው በላይ ዘለቀ፣ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ ስሙ ሲነሣ የማይኰራ የለም። ነገር ግን ጀግና በሕይወት ሳለ ጎረቤቱም፣ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ዝም ብሎ ያየውም ከዚያው አገር ሰው ነው። የታሪክ ልብ ወለድ አንባቢ «እኔ በዚያ ዘመን ብኖር ከማን ወገን በሆንሁ ነበር?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ያነበበው ታሪክ ሳይሆን ውዳሴ ነው፤ የሚወደሰውም ራሱ ነው።

አራተኛው ዓይነት የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ካህኑ ከሁሉ የሚንቀው፣ የከተማው ሰው ከሁሉ ፈጥኖ የሚጨርሰው ይህ ነው። ስኮትላንዳዊው አርተር ኮናን ዶይል ስለ ሸርሎክ ሆምስ ከጻፉ ወዲህ ይህ ወገን በዓለም ሁሉ ተስፋፍቷል፤ በአማርኛም በትርጕምና በድርሰት ብዙ ወጥቷል። አእምሮን ማሳሉ አይካድም። ነገር ግን በእርሱ ዘንድ ክፋት ምንጊዜም የሌላ ሰው ነው፤ በመጨረሻው ገጽ ይያዝና ዓለም ንጹሕ ትሆናለች፤ አንባቢውም ከመርማሪው ጎን ተቀምጦ ወንበሩን ሳይለቅ ይፈርዳል። ከዚህ ጋር የአፈርሳታን ልማድ ማስተያየት ይጠቅማል። ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሳይታወቅ በቀረ ጊዜ፣ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ነገሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ንጹሑም ከበደለኛው ጋር የእርሻ ቀኑን እያጣ ይጕላላ ስለ ነበረ፣ ልማዱ ያለ ነቀፋ አይደለም። ሆኖም አንድ እውነት ነበረበት፤ ከክበቡ ውጭ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። የምርመራ ታሪክ አንባቢም ራሱን ከአፈርሳታው ክበብ ውስጥ ቢያስቀምጥ፣ የተናቀው መጽሐፍ እንኳ ስለ ሕሊናው ሊጠይቀው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍሬ ሁሉም መጽሐፍ እኩል ነው የሚል አይደለም። የቅኔው መምህር ሥጋት እውነት አለበት፤ ፍትወትን ወይም በቀልን እያሞገሰ የሚሸጥ መጽሐፍ አለ፤ የወጣትነትም ጊዜ አጭር ነው። ነገር ግን መምህሩ መጽሐፉን ከነጠቁ በኋላ የሚቀራቸው ሥራ አለ፤ ይኸውም ልጁን «ካነበብኸው ሰው መካከል አንተን የሚመስለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከመንጠቁ ይልቅ ጥያቄው ይከብዳል፤ ጠያቂውም አብሮ ይጠየቃልና። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ የሚያነብ ሰው ደግሞ አንድ ዓይነት ክስ ብቻ ይሰማል፤ እርሱም ምናልባት በደለኛ ያልሆነበትን ይሆናል። ልዩ ልዩ ወገን ማንበብ የሚጠቅመው፣ ሳይመረመር የሚቀር የልብ ክፍል እንዳይኖር ነው።

ከሞጣ በስተ ሰሜን በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጠላት ወረራ ዘመን መካከሉ ከፈረሰ በኋላ፣ መንገደኞች ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተቱ ይሻገሩ ነበር። በአንዱ ማዶ ያለው ገመዱን ቢወረውር፣ በሌላው ማዶ የሚይዘው ከሌለ ማንም አይሻገርም። ደራሲ ገመዱን ይወረውራል። ለሰብለ ወንጌል ማልቀስ ገመዱን ማየት ነው፤ መያዝ ግን፣ መጽሐፉ ተከድኖ መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ በገዛ ቤት ውስጥ ያለችውን ልጅ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ መጠየቅ ነው።